ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የአጎቴ መኪና ሞተር ሲቀየር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቡ ነበርኩ። መኪናዋ ሰው ሁሉ ‹ዲኤክስ› የሚላት ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ የሞዴሏ ስም ኬኢ 70። ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት 4ኬ የሚባለው 1290 ሲሲ ሞተር ነበር። አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በዚያች መኪና ልጆቹን አስተምሯል፣ ከቦዲቲ እህል ጭኗል፣ ከአረካ ሙሽራ አምጥቷል፣ ታማሚ ጎረቤት በሌሊት ሐኪም ቤት አድርሷል። ሞተሩ ግን ዘይት መብላት ከጀመረ ቆይቷል፤ ዳገት ላይ የሚተወው ሰማያዊ ጭስ ከሩቅ ይታይ ነበር።

ሌላ መኪና መግዛት ያኔ የሚታሰብ አልነበረም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እየከበደ የሚሄድ ታክስ ስለጣለ፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ዋጋቸው ጣሪያ ነክቷል። የመምህር ጡረታ ደግሞ ይታወቃል። ስለዚህ አጎቴ አዲስ አበባ ወርዶ፣ ሶማሌ ተራ ገብቶ፣ ከቫን የወረደ 5ኬ ሞተር ገዛ። የኬ ቤተሰብ ነው፤ 1486 ሲሲ፣ ከድሮው ትንሽ ጉልበት የሚበልጥ፣ ከካምቢዮው ጋር ያለ ችግር የሚጋጠም። ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ በሆሳዕና በኩል ሶዶ ገባ።

ጋራዡ ወደ አርባ ምንጭ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች የመንገዶች መገናኛ ናት፤ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭና ከሳውላ የሚመጣው ሁሉ በእሷ ያልፋል። ከየአቅጣጫው ዳገትና ቁልቁለት የሰበረው መኪና እሷ ዘንድ ይደርሳል፤ መካኒኮቿም ብዙ ዓይነት ብልሽት ያየ እጅ አላቸው። የእኛ መካኒክ በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። አጎቴ ‹ማስተር› ይላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ እሱን ‹መምህር›። እኔና ረዳታቸው ‹ጋሼ› እንላቸዋለን።

ጋሼ ሞተሩን ለማየት አልቸኮሉም። መጀመሪያ የጠየቁት፣ «የሞተር ጎማውስ? አብሮ መጥቷል?» ብለው ነው። አጎቴ ግራ ተጋባ። ሲገዛ ስለ ፒስተኑ፣ ስለ ቴስታታው፣ ስለ ካርቡራተሩ ጠይቋል፤ ስለ ጎማው ያነሣለት ሰው አልነበረም።

የሞተር ጎማ የሚባለው ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ክፍል ነው፤ ሁለት ብረቶች፣ በመካከላቸው በሙቀት ተጣብቆ አንድ የሆነ ወፍራም ጎማ። በዲኤክስ ላይ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ ሦስተኛው ከኋላ ከካምቢዮው ሥር ይቀመጣል። የሞተሩና የካምቢዮው ክብደት በሙሉ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ነው። ሥራቸው ግን ክብደት መሸከም ብቻ አይደለም። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። ቆሞ በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር እንኳ በየሰከንዱ 25 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ጎማው ይህን ምት ውጦ ያስቀረዋል፤ ጎማው ከሌለ ምቱ ወደ መሪው፣ ወደ ወንበሩ፣ ወደ ተሳፋሪው አጥንት ይገባል።

መኪና ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን መላ ለመምታት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። በድሮ መኪኖች ሞተር ከሻንሲው ጋር ብረት ለብረት ይታሰር ነበር። የአሜሪካው ክራይስለር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 በፕሊመዝ መኪናው ላይ አራት ሲሊንደሩን ሞተር ሚዛኑ ተጠንቶ በጎማ ላይ አስቀመጠው፤ ሞተሩ እንደ ልቡ ሲንቀጠቀጥ መኪናው ግን ዝም አለ። የፈረንሳዩ ሲትሮየን ወዲያው ፈቃዱን ወስዶ በራሱ መኪኖች ላይ አዋለው። ዛሬ ሶዶ ውስጥ በሚዞር ማንኛውም የነዳጅ መኪና ሥር ያለው ጎማ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

የድሮው ሞተር በሰንሰለት ማንሻ ሲነሣ እውነቱ ወጣ። የግራው ጎማ ለሁለት ተገንጥሎ፣ ከቴስታታው ክዳን ሲወርድ በኖረ ዘይት ላሽቆ፣ እንደ ሰም በጣት ይላጥ ነበር። ከዚህ በፊት የነካው ሰው ክፍተቱ ውስጥ የከባድ መኪና ጎማ ቁራጭ ወትፎ በሽቦ አስሮታል። ቀኙ ተሰነጣጥቋል። የኋላው ተጨፍልቆ ብረቱ ብረት ነክቷል።

ጋሼ ሦስቱን አግዳሚው ላይ ደረደሯቸውና አጎቴን ጠሩት። «መምህር፣ ማርሚታው ለምን እዚያው ቦታ ላይ ይሰነጠቅብህ እንደነበር አየህ? ማራገቢያው ራዲያተሩን የላጨው ለምን እንደሆነ አየህ?» አሉት። ነገሩን አንድ በአንድ አስረዱን። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ የማዞሪያውን ኃይል በተቃራኒው ይመልሰዋል፤ ከሾፌሩ ወንበር ሲታይ በግራ በኩል ሊነሣ፣ በቀኝ በኩል ሊጫን ይፈልጋል። ስለዚህ ቀድሞ የሚገነጠለው ብዙውን ጊዜ የግራው ነው። እሱ ከተገነጠለ በኋላ ሞተሩ በየመነሻው ይነሣል፣ ይወድቃል፤ የማርሹ ዘንግ በእጅ ላይ ይዘላል፣ የማርሚታው ብየዳ ይለቃል። አጎቴ ለዓመታት ማርሚታ ሲያስበይድ፣ ራዲያተር ሲያስጠግን የኖረው በዚህ የተነሣ ነው። ለበሽታው ሳይሆን ለምልክቱ ሲከፍል ኖሯል።

ረዳቱ ጎበዝና ፈጣን ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ከከባድ ጎማ ቆርጠን እንሥራው፤ አይበጠስም» አለ። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። በአገራችን በብዙ ጋራዥ ይሠራል፣ መንገድ ላይ ለቀረ መኪናም መድኃኒት ሆኗል። ጋሼ ግን አልተቀበሉትም። «የከባድ ጎማ ውስጡ ክርና ሽቦ ነው፤ መንገድ እንዲችል እንጂ እንዲለጠጥ አልተሠራም። ከብረቱም ጋር አልተጣበቀም። ሲጫን ይሸከማል፣ ሲነሣ ግን ምን ይይዘዋል?» አሉ። ልጁ ዝም ብሎ አሰበበትና የተገነጠለውን ጎማ አንሥቶ የተጣበቀበትን ፊት መመርመር ጀመረ። ትምህርት እንዲህ ሲገባ ማየት ደስ ይላል።

አጎቴ ከከተማው መለዋወጫ መደብር አዲስ ጎማዎች አመጣ። ጋሼ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አላነበቡም። ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አሉት፤ ግራና ቀኙን ጎን ለጎን አቁመው ቁመታቸውን አስተያዩ፤ የብሎኑን አቅጣጫ ከአሮጌው ጋር አነጻጸሩ። አንዱ ድንጋይ ነበር። «ይህ ብረት ነው፤ ጎማ የተቀባ ብረት» ብለው መለሱት። ባለ ሱቁ ሳይከራከር ለውጦ ለስለስ ያለ፣ ሲጫን ተመልሶ የሚነሣ ሰጠን። በጣም የጠነከረ ጎማ ምቱን ያሳልፋል፤ በጣም የላላ ደግሞ ሞተሩን አይይዝም። ጥሩ ጎማ በሁለቱ መካከል ነው፤ ያንን መካከል የሚያውቀው ደግሞ የለመደ ጣት ነው።

ከቫን የወረደው ሞተር ጎን ላይ ያሉት የብረት ክንዶች የተሠሩት ለሌላ አካል ስለሆነ ለዲኤክሷ አልሆኑም። የአሮጌው ሞተር ክንዶች ተፈትተው ታጠቡና በአዲሱ ብሎክ ላይ ተሞከሩ፤ ቀዳዳዎቹ ገጠሙ። ጋሼ ስንጥቅ እንዳለ ለማየት ክንዶቹን በቤንዚን አጥበው በፀሐይ ብርሃን አገላብጠው አዩዋቸው።

ከዚያ በኋላ ያየሁት የትዕግሥት ሥራ ነው። ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወርድ፣ ጋሼ አንዱንም ብሎን በመፍቻ አልነኩም። ሁሉም ዳዶዎች በእጅ ብቻ ገቡ፣ ላልተው ቀሩ። የግራው ገባ፣ ቀኙ ገባ፣ ካምቢዮው በክሪክ ተደግፎ የኋላው ገባ። የሰንሰለቱ ጉልበት ተለቀቀና ሞተሩ በገዛ ክብደቱ ተቀመጠ። ጋሼ በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት፤ ቦታውን ራሱ እንዲመርጥ። «አንዱን አስቀድመህ ካጠበቅህ ሌሎቹን ጎማዎች ጠምዝዘህ ታስራቸዋለህ። ተጠምዝዞ የታሰረ ጎማ ሥራ ሳይጀምር ደክሟል» አሉን። ከዚያ ለኩ፤ በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል፣ በዘይት ኮፓውና በመሪው ዘንግ መካከል፣ በማርሚታውና በወለሉ መካከል ያለውን ክፍተት በጣታቸው ፈተሹ። ሁሉም ሲስማማ መፍቻው መጣ፣ ብሎኖቹም በየተራ ጠበቁ።

ምሳ ደርሶ ጎደሬ በዳጣ ቀረበ። እየበላን ጋሼ ስለ ማሳ ገመድ ነገሩን። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ሞተሩን ከመኪናው አካልና ከባትሪው ጋር የሚያገናኝ ወፍራም ገመድ ሊኖር ግድ ነው። ያ ገመድ ከተረሳ ሞተሪኖው የሚስበው ኃይል መመለሻ መንገድ ፍለጋ በነዳጅ ፔዳሉ ቀጭን የብረት ገመድ ውስጥ ያልፋል፤ ገመዱ ግሎ ይቀልጣል። እንዲህ የተቃጠለ መኪና በዓይናቸው አይተዋል። ረዳቱ ከማዕድ ሲነሣ በቀጥታ የሄደው ማሳውን ለማሰር ነው።

ሞተሩ ሲነሣ ጋሼ እጃቸውን የማርሹ ዘንግ ላይ አሳረፉ። ረዳቱ የእጅ ፍሬን ይዞ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ ሞተሩ በግራ በኩል ትንሽ ብድግ ብሎ ተመለሰ። በኋላ ማርሽም ተሞከረ። ቀጥሎ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ወረድን፤ የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ከሚታይበት ዞረን፣ ያንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣን። አጎቴ በመንገዱ ሁሉ አልተናገረም፤ ያዳምጥ ነበር። ጋራዡ ስንደርስ ጋሼ ኮፋኑን ከፍተው ብሎኖቹን ደግመው አጠበቁ፤ አዲስ ጎማ ሸክም ካየ በኋላ ይቀመጣልና።

የቀረው ወረቀቱ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና የሚመዘገበው በሞተር ቁጥሩም ጭምር ስለሆነ፣ አጎቴ የሞተሩን የግዥና የጉምሩክ ማስረጃ ይዞ አዲሱን ቁጥር ሊብሬው ላይ አስመዘገበ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ መኪናዋ ዘመድ ታመላልስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። እጃችን ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ለዓመታት ያገለግላሉ፤ ሞተራቸውም በየጋራዡ ይለወጣል። ሞተር የሚገዛ ሰው ሁሉ ዓይኑ ሲሲው ላይ ነው፣ የጎማውን ዋጋ ሲሰማ ግን ይከራከራል። ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት የሆነው ያ ክፍል ነው ግን ራዲያተሩን፣ ማርሚታውን፣ ካምቢዮውንና የተሳፋሪውን ጤና የሚጠብቀው። ሞተር ልትለውጡ ያሰባችሁ ሁሉ ከሂሳባችሁ ላይ የሦስቱን ጎማዎች ዋጋ አስቀድማችሁ ለዩ፤ ሞተሩ ተሰቅሎ ሳለ አሮጌዎቹን አውርዳችሁ ጣሉ።

ረዳቱ ዛሬ ቦዲቲ ላይ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል። ሞተር ሊያስቀይር ለሚመጣ ደንበኛ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «የሞተር ጎማው አብሮ መጥቷል?» የሚለው ነው። መልሱ «የለም» ከሆነ ሥራውን አይጀምርም።