ሸክላውን ወደድን፤ ሠሪዋንስ?

ሰው የማይሰበስበው ነገር የለም። አንዱ ቴምብር፣ አንዱ አሮጌ ገንዘብ፣ ሌላው ደግሞ ወሬ ይሰበስባል። በገርጂ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር እኛ አራት ተማሪዎች የሸክላ ምስል መሰብሰብ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። ኪራይ ሳይከፍሉ የሸክላ አንበሳ የሚገዙ ጉዶች ብሎ የሚስቅብን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ይሳቅ፤ እኛም በራሳችን ስቀናል። ዳሩ ግን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ሳቁ ሳይሆን ከሳቁ በኋላ ያገኘን ኀፍረት ነው።

አጀማመራችን በድንገት ነበር። በቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር ቤተ ሰብ የቤት ዕቃውን በደጃፉ ዘርግቶ ሲሸጥ ሰማንና የጥናት ጠረጴዛ ልንገዛ ሄድን። ጠረጴዛው ከአቅማችን በላይ ሆነ። ከሹካና ከማንኪያ ጋር በካርቶን ከተጣሉት ዕቃዎች መካከል ግን አንድ የሸክላ አንበሳ ነበር፤ አንድ እጅ የሚሞላ፣ ጥቁር፣ ጎፈሩ በስንጥር የተጫረ። ከእርሱ ጋር መጽሐፍ የታቀፈ ቄስና ባንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን የተኙ ባልና ሚስት ተገኙ። ሦስቱንም ለሁላችን የሁለት ቀን ምሳ በሚሆን ገንዘብ ገዛናቸው። የቤታችን እመቤት ባልና ሚስቱን ባዩ ጊዜ፣ «ልጆቼ፣ እባካችሁ ይኼን እንኳ አንድ ነገር ጣል አድርጉበት» ብለው በመሐረብ ሸፈኗቸው። እስከ ዛሬም እንደ ተሸፈኑ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜያችን ሌላ ሆነ። በቦሌ መንገድ ለእንግዶች ዕቃ የሚሸጡትን ሱቆች አንድ በአንድ አዳረስን። ሾላ ገበያ ወርደን ጀበናና ምጣድ በሚደረደርበት ስፍራ፣ ከማሰሮዎቹ ኋላ የተደበቀ የሸክላ ወፍ ወይም ፈረስ ፈለግን። ሥራውንም ቀስ በቀስ ተማርን። ሠሪዋ አፈሩን ነፍታ፣ ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር ታቦካዋለች፤ ይህ ባይገባበት እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ማሽከርከሪያ የላትም፤ በእጇ ታበጀዋለች፣ በደንጊያ ታለሰልሰዋለች፣ ጥላ ላይ ታደርቀዋለች፣ ከዚያም በኩበትና በጭራሮ ክምር ታቃጥለዋለች። ጥቁር እንዲሆን የፈለገች እንደሆነ ገና በጋለበት ሰዓት በጢስ ታፍነዋለች። እሳቱ እንደ ፋብሪካ ምድጃ ኃይለኛ ስላልሆነ ምስሉ ውኃ ይመጣል፤ ስለዚህ አይታጠብም፣ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ፤ በክረምትም ከሲሚንቶ ወለል ላይ አይቀመጥም። ሁልጊዜ የሚሰበረው አንገቱና ክንዱ ነው፤ ምክንያቱም ለብቻ ተሠርተው የሚጣበቁት እነርሱ ናቸው። አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል የጫማ ቀለም የሚቀቡ ነጋዴዎችም አሉ፤ አሽትቶ መለየት ይቻላል። ደኅና መቃጠሉን ለማወቅ በጣት ጥፍር ቆርቆር አድርጎ መስማት ነው፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደኅና ነው፣ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ግን የማይታይ ስንጥቅ አለበት። ይህን የመጨረሻውን ያስተማረን ከመካከላችን አንዱ ጓደኛችን ነው። ከየት እንደ ተማረው አልጠየቅነውም።

ደብተርም ከፈትን። ቀኑ፣ የተገዛበት ስፍራ፣ ዋጋው፣ ቁመቱ በሳንቲ ሜትር፣ ጉዳቱ እየተባለ ተሠምሮ ተጻፈ። ምስሎቹ 31 ሲደርሱ አብዛኞቹ በአሠራራቸው የአንድ ስፍራ ዘር መሆናቸው ታወቀን፤ ይኸውም ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው የወለቃ መንደር ናት። በወለቃ የቤተ እስራኤል ወገኖች ይኖሩ ነበር። ርስት እንዳይዙ ተከልክለው ስለ ኖሩ ወንዶቹ በብረት ሥራ፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ጎረቤታቸው የሆነው ገበሬ ማረሻውንም እንስራውንም ከእነርሱ ይገዛል፤ ሲመሽ ግን ቡዳ ናቸው ይላል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቱሪስት ጎንደርን ሲያዘወትር እነዚህ ሴቶች ከጋኑና ከጀበናው ጎን አንበሳውን፣ ቄሱን፣ ልጅ ያዘለችውን እናት እያበጁ መሸጥ ያዙ። እንግዳው ምስሉን በሻንጣው ይዞ አገሩ ገባ፤ የሠሪዋን ስም የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

በኋላ እነርሱም ሄዱ። አንዳንዶቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፤ የቀሩት ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከቆዩ በኋላ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከዚሁ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፈሩ። በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ ከ14,000 የሚበልጥ ሕዝብ ወደ እስራኤል ተወሰደ። ቦታ እንዳያጣብብ ጓዝ እንዳይዙ ተነግሯቸው ስለ ነበር የለበሱትን ብቻ ይዘው ሄዱ። እንግዲህ እጃቸው የሠራው አንበሳ በቦሌ መንገድ መስኮት ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ባለ እጆቹ ግን በዚያው መንገድ አልፈው ሄደዋል። በወለቃ ዛሬም ሌሎች ሴቶች የሸክላውን ሥራ ይዘው ይገኛሉ።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ስብስባችንን በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ ለማሳየት አሰብን። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን በየምስሉ ሥር የሚለጠፈውን ወረቀት ስንጽፍ በ31ዱም ላይ «ሠሪው ያልታወቀ» የሚል ቃል ወጣ። ከመካከላችን አንዱ፣ «ሌሊት ጅብ ሆና ስትዞር የምታድር ሴት መቼ ቁጭ ብላ ስሟን ትጽፋለች?» አለ። ሣቅን። ሦስታችን ሣቅን። አራተኛው፣ ያ ሸክላን በድምፁ መለየት ያስተማረን፣ ስኒውን አስቀመጠና፣ «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» አለ።

ሁለት ዓመት ባንድ ገበታ በልተናል። እናትህ ምን ትሠራለች ስንለው «ገበያ ትውላለች» ይለን ነበር፤ ውሸትም አልነበረም። የት ገበያ፣ ከገበያው በየትኛው ጥግ ብለን ግን አልጠየቅንም። ያን ማታ ነገረን። በአገሩ እናቱ ከገበያው ዳር ለብቻዋ ትቀመጣለች። ጀበናዋን የሚገዙ ሰዎች ከስኒዋ አይጠጡም። እርሱም በትምህርት ቤት የሌላ ልጅ ሆዱን በታመመ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እርሱ ይዞር ነበር። ተምሮ አዲስ አበባ ሲገባ ይህን ወሬ ከአውቶቡስ ተራ ያለፈ አይመስለውም ነበር። እኛ ገርጂ ድረስ አመጣንለት።

ከዚያ በኋላ ማን ምን ይላል? ይቅርታ ጠየቅን። ቀለል አድርጎ ተቀበለን፤ ቀለል ማድረጉም ልምድ እንዳለው ያሳያል። ያ ቡና የተፈላበት ጀበና ከአገሩ ሲመጣ በጋቢ ጠቅልሎ ያመጣው እናቱ የሠራችው ነበር። ለሁለት ዓመት በየማታው ጠጣንበት፤ በስብስባችን ውስጥ ግን አልቆጠርነውም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ምላሳችን ግን ገና አልሰማውም፤ የተማረው ምላስም ጭምር። አገራችን የሸክላ ባለሙያን ማክበር ፈጽሞ አታውቅም ማለታችን አይደለም። የነቀምቴው ተወላጅ አቶ ማሞ ተሰማ የሸክላን ጥበብ በአሜሪካ አልፍሬድ በተባለው ትምህርት ቤት ተምረው ተመልሰዋል፤ በብሔራዊ ሙዚየምም በኃላፊነት ሠርተዋል፤ ሥራቸው በስማቸው ይጠራል። እኛን የሚያስጨንቀን ሌላ ነው። ከኒውዮርክ የተማረ ሰው ስም ሲኖረው ከእናቷ የተማረች ሴት ስም ማጣቷ ስለ ምንድን ነው? በናይጄሪያ ላዲ ክዋሊ የተባሉት ሸክላ ሠሪ ሙያውን የተማሩት ከአክስታቸው ነበር፤ ዛሬ ምስላቸው በ20 ናይራ ኖት ላይ ይታያል። በኬንያ የተወለዱት ማግደሊን ኦዱንዶ ከእነዚያ የናይጄሪያ ሴቶች ዘንድ ሄደው የተማሩ ናቸው፤ የእርሳቸው ሸክላ በለንደን ሐራጅ ከ100,000 ፓውንድ በላይ ተሽጧል። ጭቃው ያው ጭቃ ነው። ልዩነቱ አንድ ሰው ቀርቦ፣ ስምዎ ማን ነው፣ ብሎ መጠየቁ ነው።

ስለዚህ በደብተራችን ላይ አንድ መስመር ጨመርን፤ «የሠሪዋ ስም» የሚል። ሾላ ተመልሰን ሻጮቹን ስንጠይቅ አንደኛዋ፣ «ለግብር ነው እንዴ?» ብለው ደነገጡ። ሌላዋ ግን ሣቅ ብለው፣ «የኔን ነው የምትጠይቁኝ ወይስ ያመጣችልኝን?» አሉና ሁለቱንም ነገሩን። ከ31ዱ እስካሁን የአራቱ ተገኝቷል። የቀሩት ይገኛሉ ብለን አንዋሽም፤ የብዙዎቹ ሠሪዎች አድራሻ ባሕር ማዶ ወይም መቃብር ነው።

ጓደኛችንም ለእናቱ ስልክ ደወለ። ጀበናው 32ኛ ሆኖ ይመዝገብ ዘንድ ስማቸውን እንድንጽፍ ፈቃድ ጠየቅን። እማማ መጀመሪያ አልገባቸውም። «ተሰበረባችሁ እንዴ? ሌላ እልክላችኋለሁ» አሉ። ነገሩ በተብራራላቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉና፣ ለደብተሩ ፈቀዱ፤ ለመጽሔት ግን፣ «ታናናሾቹ ገና እዚህ ይማራሉ» ብለው ከለከሉ። ስለዚህ ስማቸውን በዚህ ገጽ አንጽፍም። ምክንያታቸውን አንባቢ ልብ ይበለው።

የማኅበራችን መሪዎች አዳራሹን ቢፈቅዱልን ትርዒቱን በመጪው ወር እናሳያለን። «ሠሪው ያልታወቀ» የሚለውን ወረቀት ቀደነዋል፤ ልጆቿም ጎረቤቶቿም የሚያውቋትን ሴት ያልታወቀች ማለት እውነት አይደለምና። ስም ባላገኘንለት ምስል ሥር የምንለጥፈው፣ «ስሟን ሳንጠይቅ የገዛነው» የሚል ይሆናል። ቡናውም በዚያው ጀበና ይፈላል። መጥታችሁ ጠጡ።