ጊዮርጊስና አቦ በአንድ ባለቤት እጅ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቢራም ስለ በርበሬም ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ ያገናኛቸው አንድ ወረቀት ነው።

እዚህ ዌስት አዳምስ፣ ከቤቴ ሦስተኛው በር ላይ አንዲት እናት ይኖራሉ። ስሜን እንዳታነሣ ብለው ስላስጠነቀቁኝ እትዬ እያልኩ ልቀጥል። እትዬ ከሃያ ዓመት በላይ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ፣ የእናታቸው ስም በታተመበት ከረጢት እያሸጉ ለፌርፋክስ ሱቆች ያስረክባሉ። ከዚህ ሠፈር ወደ ሌላ ስቴት የሚሄድ ሐበሻ ያቺን ከረጢት ሻንጣው ውስጥ ሳይከት አይወጣም ብል ብዙም አልዋሸሁ።

ባለፈው ወር እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ቡና ጠሩኝ። ሁለተኛው ሳይቀዳ አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ፊቴ ዘረጉ።

‹‹አንተ ውጭ አገር የተማርክ ነህ፤ ጋዜጠኛም ነበርክ። አንብብና እውነቱን ንገረኝ፤›› አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የምግብ አከፋፋይ ድርጅት ስሙን፣ ከረጢቱንና የቅመሙን አመጣጠን ጠቅልሎ ሊገዛቸው ይፈልጋል። ገንዘቡ እትዬ በዕድሜያቸው በአንድ ላይ አይተውት የማያውቁት ነው። ከዚያም ለሁለት ዓመት ‹‹አማካሪ›› ይሆናሉ። ‹‹እንኳን ደስ ያለዎት!›› ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አንድ የቆየ ዕዳ ትዝ አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2012 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ውስጥ የጋዜጣ ሰው ነበርኩ። በዚያ ዓመት የእንግሊዙ ዲያጆ የሰበታውን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ225 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዛ። ከአንድ ዓመት በፊት የሆላንዱ ሄኒከን ሐረርንና በደሌን ወስዷል። በ1922 የተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ በደርግ ተወርሶ ከቆየ በኋላ፣ በ1998 ቢጂአይ በሚል ስም ለምናውቀው ለፈረንሣዩ ካስቴል ተሽጦ ነበር።

እኔ ስለ ሜታ የጻፍኩት ሁሉ ስለ ዶላሩ ነበር። ሰበታ ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ናት፤ አንድ ቀን ሄጄ ጠማቂውን ‹‹ከእንግዲህ ስለዚህ ቢራ የምትወስነው አንተ ነህ ወይስ ሌላ?›› ብዬ አልጠየቅሁም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ፣ ለትምህርት ሆላንድ በነበርኩ ጊዜ ነገሩን በዓይኔ ማየቴ ነው። ሄኒከን የአምስተርዳም ተፎካካሪውን አምስቴልን በ1968 ገዝቶታል። አምስቴል የሚለው ስም እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል፤ ቢራው ይጠመቅበት የነበረው የአምስተርዳሙ ፋብሪካ ግን ፈርሷል። ስም ያለ ቤቱ መኖር እንደሚችል እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ሽያጩ ሁሉ ጥፋት ነበር ማለቴ አይደለም። ገንዘብ ገብቷል፣ ፋብሪካዎቹ ሰፍተዋል፣ እንጀራ ያገኘም አለ። ግን የሜታን መጨረሻ ተመልከቱ። ዲያጆ አሥር ዓመት ቆይቶ በ2022 ሸጦ ወጣ። ለማን ሸጠው? የጊዮርጊስ ባለቤት ለሆነው ለካስቴል! ስንቱን ጠጪ ሲያከራክር የኖረው የጊዮርጊስና የሜታ ፉክክር አንድ ኪስ ውስጥ ገባ። ጊዮርጊስና አቦ በአንድ ባለቤት እጅ ሆኑ ማለት ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ግን ፈረሰኛው ያው ፈረሰኛ ነው።

የእትዬን ወረቀት በብብቴ ይዤ፣ ከተማው በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ወደ ሰየመው የፌርፋክስ መንገድ ሄድኩ። ከወዳጆቼ ጋር ተቀምጠን ጊዮርጊስ ቢራ አዘዝንና ይህንኑ አነሣሁ። አንዱ ‹‹ቢራው የኛ ነው›› ሲል፣ ሌላው ‹‹የፈረንሣይ ነው›› እያለ ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ። ከመካከላችን አንድ የአየር መንገድ ጡረተኛ ጋሼ ነበሩና እጃቸውን አነሡ።

‹‹ልጆች፣ የፈረንጅ ሽርክና ሁሉ አንድ አይደለም፤›› አሉ። ‹‹ውሉ ውስጥ ምን አለ? እሱን ጠይቁ።››

እውነታቸውን ነው። አየር መንገዳችን በ1945 ሲመሠረት ሽርክናው ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር ነበር። በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያው በረራ ወደ ካይሮ ሲነሣ ሙያው በፈረንጆች እጅ ነበር። ባለቤቱ ግን ከመነሻው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ ሽርክናውም ሥራ መምራትን ብቻ ሳይሆን ማስተማርንም ይጨምር ነበር። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ሆኑ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተረከቡ። አስተማሪው ቲደብሊውኤስ የት ደረሰ? በ2001 አሜሪካን ኤርላይንስ ጠቀለለውና ስሙ ከሰማይ ጠፋ። ተማሪው ግን ዛሬም ይበራል።

ሌሊቱን ወረቀቱን መስመር በመስመር አነበብኩት። ገዢው የቅመሙን አመጣጠን እንደ ፈለገ ሊለውጥ ይችላል። ስሙን ለወደደው መልሶ ሊሸጥ ይችላል። እትዬ ግን በማንም ስም ቢሆን ለአምስት ዓመት በርበሬ አዘጋጅተው መሸጥ አይችሉም። ‹‹አማካሪ›› የተባሉትን ምክራቸውን ተቀበሉ የሚል ግዴታ ደግሞ የትም የለም።

በሚቀጥለው እሑድ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣

‹‹ቆይ እስቲ፣ ነገ ዱቄት ቢቀላቅሉበት የሚሰደበው ማን ነው?›› አሉ። ‹‹እነሱ አይደሉም እኮ፤ ከረጢቱ ላይ ያለችው እናቴ ናት!››

ወገኖቼ፣ አሥራ አንዱ ገጽ በዚህች አንዲት ጥያቄ ውስጥ አለ። ስም የተሸጠ ዕለት ትርፉ ከገዢው ጋር ይሄዳል፣ ስድቡ ግን ከባለስሙ ጋር ይቀራል። እኔ በ2012 ጋዜጣ ላይ መጠየቅ የነበረብኝን እትዬ ሲኒ ይዘው ጠየቁት።

ቢሆንም ‹‹አይሽጡ›› ብዬ አልመከርኳቸውም። ጉልበታቸው ታሟል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ገንዘብም የሚናቅ አይደለም። በሰው ችግር ላይ አገር ወዳድ መሆን ቀላል ነው። አንድ ላይ ተቀምጠን ሦስት ነገር ጽፈን ወረቀቱን መለስነው። አንደኛ፣ ስሙ ከረጢቱ ላይ እስካለ ድረስ አመጣጠኑ ያለ እሳቸው ፈቃድ አይለወጥ። ሁለተኛ፣ ገዢው ስሙን ሊሸጥ ወይም ሊተወው ቢፈልግ መጀመሪያ ለእሳቸው ወይም ለልጆቻቸው ያቅርብ። ሦስተኛ፣ ከሠፈሩ ሁለት ወጣቶች ገብተው ከግዢው እስከ ማሸጉ ሥራውን ይማሩ። የመጀመሪያውን ከአምስቴል፣ ሁለተኛውን ከሜታ፣ ሦስተኛውን ከአየር መንገዳችን ነው የወሰድነው። የሚፈርም ሁሉ ግን ጠበቃ ያሳይ፤ እኛም አሳይተናል።

ይህን እስከምጽፍ ድረስ መልስ አልመጣም። ምናልባት ድርጅቱ ትቶት ይሄዳል። እትዬ ይህንኑ ሲያስቡ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥተው እንደ ነበር ነግረውኛል፤ እኔም አብሬ አጥቻለሁ። ቢቀር ያስቀረሁባቸው እኔ ነኝና።

ትናንት ማታ በራቸው ላይ ሳልፍ የተቆላ ቅመም ሸተተኝ። በመስኮት ሳይ እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የእኅታቸው ልጅ ቆማ ታማስላለች፤ እሳቸውም በእጃቸው ‹‹ቀስ፣ ቀስ›› ይሏታል።

ቸር ወሬ ያሰማን።