የምታቃጥዪው ምኑን ነው?

ከሦስት ሳምንት በፊት ሰንሪጅ አካባቢ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ከላፕቶፕ ጋር በገመድ የሚያያዝ ሲዲ በርነር ገዛሁ። ዋጋው 39 ዶላር ከ99 ሳንቲም፤ 5 ፐርሰንቱ ጂኤስቲ ሲጨመርበት 41 ዶላር ከ99። ሻጩ ልጅ ከታችኛው መደርደሪያ አውጥቶ አቧራውን በመዳፉ ጠረገና «ይሄን አሁንም የሚገዛ ሰው አለ?» አለኝ። እኔም ከወር በፊት ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ሳጥኑን አየችና ምንድነው አለችኝ። «የሲዲ ማቃጠያ ነው» አልኳት፤ በርነር የሚለውን ቃል በቃል መተርጎሜ ነበር። ክው አለች።

«አንቺ ልጅ! የምታቃጥዪው ምኑን ነው? የእማዬን ሲዲ?»

«አይ እማ፣ መገልበጫ ማለቴ ነው።»

«ታዲያ እንደሱ አትዪም!»

ነገሩ የመጣው ከመኪናዋ ነው። እናቴ እስካሁን የምትነዳው እ.ኤ.አ. የ2004 ኮሮላ ነው። ብሉቱዝ የለውም፣ የዩኤስቢ ቀዳዳ የለውም፤ ያለው ሬዲዮና አንድ የሲዲ አፍ ብቻ ነው። ጠዋት ማታ ወደ ሥራ ስትመላለስ የምትሰማቸው ሲዲዎች አብዛኞቹ 17ኛው አቬኑ ሳውዝ ኢስት ላይ ካሉት የሀበሻ ሱቆች፣ እንጀራና በርበሬ ስትገዛ አብራ ያነሳቻቸው ናቸው። እነሱ ቢበላሹ ዘፈኖቹ ዩቲዩብ ላይ ይገኛሉ። አንዱ ዲስክ ግን የትም አይገኝም። ሽፋን የለውም፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ሽኝት 1998» ተብሎ ተጽፎበታል።

በ1998 ዓ.ም. እኛ ወደ ካልጋሪ ስንመጣ ደብረ ብርሃን አያቴ ቤት ሽኝት ተደርጎ ነበር። አጎቴ ጨዋታውን በካሴት ቀዳ፤ በኋላም አዲስ አበባ ወርዶ ፒያሳ ሲዲ ላይ አስገለበጠና በሰው ላከልን። ካሴቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ዲስኩ ላይ መሃል መሃሉን የሚያለቅሰው ሕፃን እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ አያቴ ትመርቃለች። ከአራት ዓመት በኋላ አረፈች፤ እናቴም ለቀብሯ አልደረሰችም። ዘንድሮ ክረምት የመኪናው ማጫወቻ ዲስኩን እያስገባ መልሶ መትፋት ጀመረ።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ውስጡ ያለው ዕቃው፣ አጭር የዩኤስቢ ገመድ፣ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት (አማርኛ የለበትም) እና የሶፍትዌር ሲዲ ነው። ለብቻው የሚሰካ የኤሌክትሪክ ገመድ የለውም፤ ኃይሉን የሚስበው ከላፕቶፑ ነው። እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ የደነገጥኩት። ላፕቶፔ ትንንሾቹ የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች ብቻ ስላሉት፣ ማውሱንም ፍላሹንም በምሰካበት ማከፋፈያ ላይ ሰካሁት። ዲስኩ ሊሽከረከር ይነሳና ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ይተኛል። በቃ ሞቷል ብዬ ለእናቴ ምን እንደምላት ማሰብ ጀምሬ ነበር። ለካስ ኃይል አንሶት ነው። በዩኤስቢ 2 ደንብ አንድ ቀዳዳ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ዲስክ ሲነሳ ደግሞ ብዙ ይጠጣል። ማከፋፈያውን ትቼ በመለወጫ በቀጥታ ስሰካው ሠራ።

ሁለተኛው ጥፋት የራሴ ነበር። ውጪው ከዜሮ በታች 24 ሆኖ ዲስኩን ከመኪና አምጥቼ ወዲያው ላስገባው ስል ፊቱ በጉም ተሸፍኗል። አንድ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አቆየሁት። ከዚያም በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግሁት። እንደ ሳህን ዙሪያውን ማሸት አይገባም፤ በጉዞው አቅጣጫ የተጫረ ዲስክ ለማንበብ ይብሳል።

ይህን ሳደርግ ነው ጉዳቱን ያየሁት። ከሱቅ የሚገዛ አልበም ፋብሪካ ውስጥ የሚታተም ነው፤ ጉድጓዶቹ ፕላስቲኩ ላይ ራሱ የተቀረጹ ናቸው። በበርነር የሚገለበጠው ግን ስስ የቀለም ንጣፍ አለው፤ ሌዘሩ ያንን ቀለም በሙቀት እየለወጠ ምልክት ይተውበታል። ማቃጠል መባሉም ለዚህ ነው፤ እናቴ ያን ያህል አልተሳሳተችም። ቀለሙ ፀሐይ ይጠላል፣ የእኛው ዲስክ ደግሞ ስንት በጋ መኪና ውስጥ ከርሟል። ያልጠበቅኩት ግን ስሱ ጎን የሚያብረቀርቀው ሳይሆን የሚጻፍበት መሆኑ ነው። አንጸባራቂው ብረት ያለው እዚያ፣ ከቀጭን ሽፋን ሥር ነው። አጎቴ እስክሪብቶውን ተጭኖ ጽፏል። ዲስኩን ወደ መስኮቱ ከፍ ሳደርገው «ሽኝት» ከሚለው ቃል «ት»ዋ ብርሃን ታሳልፋለች።

ሲዲ የሚነበበው ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር ነው። ጽሑፉ ያረፈው ቅጂው በሚያልቅበት በኩል ነው። ምርቃቱ ያለው እዚያ ነው።

ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ተጠቀምኩ። የተበላሸ ቦታ ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ደጋግሞ አንብቦ መልሱ እስኪስማማለት ይሞክራል። 58 ደቂቃ ቅጂ ነው። የመጀመሪያዎቹን 50 ደቂቃዎች ሻይ ፈልቶ እስኪቀርብ ጨረሳቸው። የቀሩትን ስምንት ሲጀምር ድምፁ እንደ ቡና መፍጫ ሆነ፤ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ጨርሷል፤ ያልዳኑትን ቦታዎችም ዘርዝሮ ጽፎልኛል።

እናቴን ጠራኋት። ከመጀመሪያው እንድታዳምጥ ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን «መጨረሻውን» አለች። አያቴ ትጀምራለች፤ ድምጿ ጥርት ያለ ነው። «እግርሽን እንቅፋት አይምታው» ትላለች፣ ቤቱ በሙሉ «አሜን» ይላል። ቀጥሎ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይጠፋል፤ ከጥፋቱ ማዶ ሰዎቹ «አሜን» ሲሉ ብቻ ይሰማል። ለምን አሜን እንዳሉ አይታወቅም። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ ባዶው ቦታ ላይም ሳይቀር አሜን እያለች አዳመጠችው። ሲያልቅ «እዚህ ጋ ስለ አንቺ ነበር ያለችው» አለችኝ። ምን እንዳለች ጠየቅኋት። ነገረችኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ዕቃውን የገዛሁት ለመጻፍ ስለነበር እሱንም ሞከርኩት። የመጀመሪያው ዲስክ ከሸፈ፤ ኤምፒ3 ፋይሎችን እንዳሉ ጽፌበት ኮሮላው አላወቃቸውም። በኦዲዮ ሲዲ መልክ በ24 እጥፍ ፍጥነት ስጽፈው አነበበ፣ ግን ይዘላል። ወደ 10 እጥፍ ዝቅ ሳደርገው ሰባት ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜም አልዘለለም። ለአሮጌ ማጫወቻ ቀስ ብሎ የተጻፈ ይሻላል።

የባዶ ዲስክ ዋጋ ውስጥ ካናዳ ለሙዚቃ ባለመብቶች የምታስከፍለው አለ፤ ለብዙ ዓመታት በአንድ ሲዲ 29 ሳንቲም ሆኖ ቆይቷል። ሕጉም ሙዚቃን ለራስ መስሚያ መገልበጥን ይፈቅዳል፤ ለጓደኛ መስጠት ግን ሌላ ነው። አገር ቤት የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ በየመንገዱ አልበም ይገለበጥ ነበር። የአያቴን ዲስክ ያተረፈልን ያው የመገልበጥ ሥራ መሆኑ ያስቀኛል።

ልግዛው ወይ ለምትሉኝ፣ መኪና ውስጥ ዘፈን ለመስማት ብቻ ከሆነ አትግዙት፤ ስልክን ከሬዲዮው ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ማሰራጫ በግማሽ ዋጋ ይበቃችኋል። ቤታችሁ በእጅ የተጻፈበት ዲስክ ካለ ግን መጀመሪያ አንብቡት፣ መጻፉ በኋላ ይደርሳል። እኔም ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በርነሩን ይዤ ማህበሩ ክፍል እገኛለሁ፤ ማከፋፈያውን ትቼዋለሁ። ዲስካችሁን ከመኪና ቀጥታ እንዳታመጡብኝ፣ አንድ ሰዓት ቤት ይቆይ። ስም መጻፍ ካማራችሁም መሃሉ ላይ ባለችው ግልጽ ቀለበት ላይ ጻፉ።