እብጠቱ ከሟሸሸ በኋላ

ጎንደር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

የማሙሽ ጉልበት እብጠቱ ከሟሸሸ መድኃኒቱ ለምን አይቆምም ላልሽው፣ መልሱ እዚህ ጎንደር ካላዛር የሚባለው በሽታ በሚታከምበት መንገድ ውስጥ አለ ባይ ነኝ። ከደጋው ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በአሸዋ ዝንብ ተነክሶ፣ ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ፣ ጣፊያው አብጦ ይመለሳል። ታክሞ ትኩሳቱ ቢለቀውም፣ በተለይ ኤችአይቪም ካለበት፣ መዳኑ የሚረጋገጠው ከጣፊያው ወይም ከመቅኔው በመርፌ ተቀድቶ ተውሳኩ በማይክሮስኮፕ ሲፈለግ ነው። ጣፊያ ደግሞ ደም የሞላው አካል ነው፤ መርፌው ካደማው ማቆሙ ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው የያዟቸውን የ28 ሕሙማን ደም ከሕክምናው በፊትና በ29ኛው ቀን ወስደው፣ የትኞቹ ዘረመሎች ሥራ ላይ እንደሆኑ የለኩት። ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል፦ ሕክምናው በሠራላቸው ሰዎች ደም ውስጥ የበሽታ መከላከያው ግርግር ረግቧል፤ ባልሠራላቸው ግን ያ እርጋታ አልታየም። ሁለቱን ወገን ለመለየት አራት ዘረመሎች በቁ።

«መድኃኒት ዘረመል ይቀይራል እንዴ?» ትዪኝ ይሆናል። አይቀይርም፤ ልጁ ከእናት ካባቱ የወረሰው እንዳለ ነው። የሚለወጠው የትኛው ይሥራ፣ የትኛው ይረፍ የሚለው ነው። ማሙሽን በያዘው የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት መከላከያው የገዛ ራሱን አካል ይወጋል። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ወይም ቲኤንኤፍ የሚባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚያግድ መርፌ ሲሰጥ እብጠቱ ይጎድላል፣ ልጁም ይሮጣል። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ እንዲህ የተሻላቸው ልጆች ነጭ የደም ሴሎች ሲመረመሩ የዘረመሎቻቸው አሠራር ከጤነኛ ልጆች ጋር አልገጠመም። መድኃኒቱ ሲቆም በብዙዎቹ ላይ ሕመሙ የሚያገረሸው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ካላዛር ተውሳክ አለው፣ የማሙሽ ሕመም የለውም፤ ታዲያ ምን አገናኛቸው ብትዪ ልክ ነሽ። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይኸው ልዩነት ነው። እዚያ ጠላቱ ሲጠፋ መከላከያው የሚረጋበት ምክንያት ያገኛል፤ እዚህ የሚጠፋ ጠላት ስለሌለ ያረጋው መድኃኒቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። 28 ሰው ጥቂት መሆኑም እውነት ነው፤ የአራቱ ዘረመሎች ምርመራ ገና ሕሙማን ዘንድ አልደረሰም። እስኪደርስ ድረስ መድኃኒቱን የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ሐኪሙ ይሁን። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንጂ በየቀኑ አይሰጥም፤ ለጉበቱ የታዘዘውንም የደም ምርመራ አታሳልፊ።

እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ