ጥንቸሌን ያቆሸሻት ማን ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር በማዕድ ላይ የሚነሣ አይደለምና ምሳችሁን ገና ያልበላችሁ እንደ ሆነ ይህን ገጽ አጥፋችሁ አስቀምጡና ቆይታችሁ ተመለሱበት። ጉዳዩ የአንዲት ጥንቸል መቀመጫ ነው። ትስቁ ይሆናል፤ እኔም ቀድሞ ይህን ያህል ቁም ነገር ያለበት አይመስለኝም ነበር። ነገር ግን በዚሁ በማያስከብር ጉዳይ ምክንያት አንዲት እንስሳ ልትሞትብኝ፥ አንዲት ሕፃንም ያለ ጥፋትዋ ስታለቅስ ስላየሁ፥ የደረሰብኝን ለሌላው ማካፈል ይገባኛል ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ጥንቸሊቱን የሰጠኝ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እኔም በተከራየሁት ክፍል ደጃፍ ከጣውላና ከሽቦ ቤት ሠራሁላት። የግቢው ባለቤት፥ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴት፥ ኦሪት ርኩስ ናት ያላት እንስሳ በደጃቸው መግባትዋን አልወደዱትም ነበር።

«የተከለከለው መብላትዋ እንጂ ማየትዋ አይደለም፥ እማማ» ብዬ ለመንኳቸው።

«እንግዲያው መምህር፥ ሽታዋ ጓዳዬ ድረስ እንዳይመጣ» ብለው ፈቀዱልኝ።

እኔም እንግዳዬን በሚገባ ላስተናግድ ተነሣሁ። ጠዋት ከቁርሴ ዳቦ እቈርስላታለሁ፤ ቀን ካሮት፥ ማታ ደግሞ የሙዝ ቁራሽ ወይም የተረፈ ቂንጬ አቀርብላታለሁ። እርስዋም በሁለት እግርዋ ቆማ ከእጄ ትቀበለኛለች። ይህን ሳይ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። የእማማ የልጅ ልጅ፥ የስምንት ዓመት ልጅ፥ እኔ ትምህርት ቤት በምውልበት ጊዜ ቤትዋን እንድትጠርግና ያዘጋጀሁትን ምግብ እንድትሰጣት ተስማማን፤ ደመወዝዋም እርሳስና ደብተር ሆነ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ መጥፎ ሽታ መጣ። ጥንቸሊቱን አንሥቼ ባያት ከጭራዋ ሥር ያለው ነጭ ጠጉር እንደ ሬንጅ በሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ተለውሶ ደርቆበታል። ወዲያው ሕፃኒቱን ጠርቼ «ቤቱን አልጠርግም ካልሽ ለምን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም?» ብዬ ተቈጣኋት። «ጋሼ፥ እኔ በየቀኑ እጠርጋለሁ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን አላመንኋትም። ይባስ ብዬ እማማ እንዳያዩብኝ የጥንቸሊቱን ቤት ከጓሮ ወስጄ ደበቅሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ያችው የተቈጣኋት ልጅ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፥ ዝንብ ጭራዋ ሥር እንቁላል ጥሏል» አለችኝ። እንዳትቀርብ ከልክያት ሳለ በስውር ትጐበኛት ኖሯል። ብመለከት እውነትዋን ነው፤ እንደ ሩዝ ስባሪ ነጫጭ ነገር በእርጥቡ ጠጉር ላይ ተደርድሯል። ጥንቸሊቱን በካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጥሁ።

ሐኪሙ ያን ያህል ሳይደነግጥ እንቁላሉን በጥሩ ማበጠሪያ እያበጠረ አወጣና ቆዳዋን በጥንቃቄ መረመረ። «አንድ ቀን ብትቆይ ኖሮ ይህ ሁሉ ትል ሆኖ ሥጋዋን ይበላው ነበር፤ ጥንቸል በዚህ ምክንያት በአጭር ጊዜ ትሞታለች» አለኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ስለ ቤትዋ ንጽሕና አልነበረም። «ምን ትበላለች?» አለኝ። እኔም በኵራት ዳቦውን፥ ሙዙን፥ ካሮቱንና ቂንጬውን ዘረዘርሁለት። ፈገግ ብሎ «እንግዲያው ያቆሸሽሃት አንተ ነህ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥንቸል የምትጥለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ደረቅና ክብ በጠጥ ነው። ሁለተኛው ግን ለስላሳ፥ የሚያብለጨልጭና እንደ ትንሽ የወይን ዘለላ የተያያዘ ነው። ይህ ሁለተኛው የሚዘጋጀው ዕውር አንጀት በሚባለው ሰፊ የሆድ ክፍልዋ ውስጥ ሲሆን፥ በዚያ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ሕይወቶች ሣሩን አብላልተው ቪታሚንና ሌላም ጠቃሚ ነገር ይጨምሩበታል። ጥንቸሊቱም ይህን ለስላሳውን ከመሬት ሳይደርስ ራስዋ አጐንብሳ ትበላዋለች። እኛን ያጸይፈናል እንጂ ለእርስዋ ሁለተኛ ማዕድ ነው። ላም ያመሰኳችውን መልሳ እንደምታኝክ፥ ጥንቸልም የበላችውን በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ትፈጨዋለች። ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር መቍጠሩን ሳስታውስ፥ ይህ ነገር ገረመኝ።

እንግዲህ ጥንቸል ስኳርና ስታርች የበዛበት ምግብ ስትበላ በዕውር አንጀትዋ ያለው ሥራ ይዛባል። ለስላሳው ይበዛል፥ ይቀጥናል፥ እርስዋም ጠግባለችና አትበላውም፤ ስለዚህ ጠጉርዋ ላይ ይለጠፋል። ከወፈረችም አጐንብሳ ራስዋን ማጽዳት ይሳናታል። የእኔዋ ሁለቱም ደርሶባት ነበር።

መድኃኒቱም ከፋርማሲ የሚገዛ ሆኖ አልተገኘም። ድርቆሽ ነው! የቤት ጥንቸል የዘር ሐረግዋ ከወደ ስፔን ምድር ሣር እየጋጠች ትኖር ከነበረች የዱር ጥንቸል የሚመዘዝ ስለ ሆነ፥ ሆድዋ የተሠራው ለሣር ነው። ከምትበላው ከአምስት እጅ አራቱ ድርቆሽ መሆን አለበት። ጥርስዋም ዕድሜዋን ሙሉ የሚያድግ በመሆኑ ድርቆሹን ስታኝክ ይሞረድላታል። ከሱሉልታ ሜዳ ታጭዶ ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው ድርቆሽ አንድ እስር ገዝቼ ብመለስ ለብዙ ጊዜ በቃኝ፤ ለዳቦና ለሙዝ አወጣው የነበረው ገንዘብ ተረፈኝ። ሲገዙ መዓዛው ጥሩ የሆነውንና ሻጋታ የሌለበትን መምረጥ ነው። የጤፍ ጭድ ለመኝታ ቢሆን እንጂ ድርቆሽን አይተካም። ከዚህ ሌላ በቀን አንድ እፍኝ ቅጠል፥ ይኸውም የካሮት ቅጠል፥ ድንብላል ወይም ጥቂት ጎመን ይሰጣታል፤ አዲስ ቅጠል ሁሉ ግን ሆድዋ እስኪለምደው አንድ በአንድና በጥቂቱ ነው። ካሮቱ ራሱ ጣፋጭ ነውና እንደ ከረሜላ ቈጥሮ አልፎ አልፎ አንድ ቀጭን ቁራጭ መስጠት ይበቃል። ንጹሕ ውሃ ከፊትዋ መጥፋት የለበትም።

የታመመውን ስፍራ ማጽዳት ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የእማማን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ብጠይቃቸው «መምህር፥ ኋላ ነጠላዬን በዚያ ልጠብበት?» ስላሉኝ የራሴን ገዛሁ። በሳፋው ሁለት ጣት ያህል ለብ ያለ ውሃ ይጨመራል፤ ከሥሩም እንዳያንሸራትታት ጨርቅ ይነጠፋል። ጥንቸሊቱ በሙሉ አትታጠብም፤ መላ ሰውነትዋ ውሃ ውስጥ ቢገባ ትደነግጣለች፥ ብርድም ይገባታል። የኋላዋ ብቻ እንዲነከር አድርጎ፥ የደረቀው እስኪሟሟ ድረስ በጣት ቀስ እያሉ ማሸት ነው። ሽቶ ያለው ሳሙና አያስፈልግም። ጠጉሩን መጐተት ከቶ አይገባም፤ ቆዳዋ ቀጭን ነውና ይቀደዳል። ስትያዝም ደረትዋንና የኋላ እግሮችዋን ደግፎ ነው፤ በጆሮ ማንጠልጠል ጭካኔ ነው፥ ደግሞም በድንጋጤ ስትፈራገጥ የጀርባ አጥንትዋ ሊሰበር ይችላል። ከታጠበች በኋላ በደረቅ ፎጣ እስክትደርቅ ድረስ መጥረግ ነው፤ እርጥበት ዝንብ ይጠራልና። መስከረም ላይ ዝንብ ሲበዛ ጭራዋን ጠዋትና ማታ ገልጦ ማየት፥ የረጠበ ጭድዋንም በየቀኑ መለወጥ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግራችሁ አልለፍ። ይህ የነገርኋችሁ እድፍ ከተቅማጥ የተለየ ነው። ደረቁ በጠጥ ጨርሶ ጠፍቶ እንደ ውሃ የሚቀጥን ብቻ ቢወርዳት፥ ወይም ግማሽ ቀን ያህል ምግብ እምቢ ብትል፥ ያን ጊዜ ሳፋና ድርቆሽ አያድንምና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ምግብዋ ተስተካክሎም እድፉ ካልተወ ጥርስዋን ወይም መገጣጠሚያዋን አሟት ይሆናልና እንዲሁ ትታይ።

የእኔዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳነች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድርቆሹን እየተወች በሁለት እግርዋ ቆማ ዳቦ ትለምነኝ ነበር፤ ያን ልመና እምቢ ማለት ለእኔ ከማጠቡ ይልቅ ከበደኝ። ከዚያ በኋላ ግን ድርቆሹን ለመደችው፤ ነጩ ጠጉርዋም ተመልሶ ነጣ።

የቀረኝ ዕዳ የሕፃኒቱ ነበር። አስጠርቼ «ያቆሸሽኋት እኔ ነኝ፤ አንቺ ግን አዳንሻት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። በክፍል ፊት ቆሜ ስንት ነገር ተናግሬአለሁ፤ ይህን አጭር ቃል ለመናገር ግን ጕሮሮዬን ሁለት ጊዜ መጥረግ አስፈለገኝ። እርስዋም ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው ጋሼ፥ ካሮቱን የምሰጣት እኔ ልሁን» አለችኝ። ተስማማሁ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ የጠመጠምሁት የቸርነትን ጥምጥም ነበር። ስሰጥ ደስ የሚለኝን እሰጣት ነበር እንጂ ለእርስዋ የሚበጃትን ጠይቄ አላውቅም። ውድ አንባቢዎቼ፤ እናንተም በቤታችሁ የምትመግቡት ፍጥረት ቢኖር፥ እድፍ ያየችሁ ጊዜ መጥረጊያ የያዘውን ከመቈጣታችሁ በፊት፥ ከእጃችሁ ምን እንደሚበላ መርምሩ።