ፈቃዱ ከተገኘ በኋላስ?

አማተር ሬዲዮ ሲባል ምን እንደሆነ የማያውቅ ወገናችን ብዙ ነው። የሚያውቀውም ቢሆን የጡረተኞች ጊዜ ማሳለፊያ አድርጎ ነው የሚያየው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ተፈትኖ ከመንግሥት ፈቃድ ካገኘ፣ በራሱ መሣሪያ፣ ለዚሁ በተመደቡ ሞገዶች ከሌላ ባለፈቃድ ጋር መነጋገር ይችላል። ሰውየው እዚሁ ሰፈር ይሁን ጃፓን ለውጥ የለውም። መካከል ላይ የስልክ ኩባንያ የለም፤ በየወሩ የሚመጣ ቢልም የለም።

«ታዲያ ይህ ለኛ ምናችን ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እስቲ ታገሡኝ።

እዚህ አሜሪካ መጥቼ ታክሲ ከመንዳቴ በፊት፣ አገር ቤት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። የሞገድ ፍጥነት የድግግሞሹና የርዝመቱ ብዜት ነው እያልኩ ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ። ከ60 በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ግን አንድም መሣሪያ አልነበረንም። አንድ ቀን አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሞገዱ የታል?» አለኝ። ከሰሌዳው ላይ ከተሳለው ጠመዝማዛ መስመር በቀር የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

ወደ ፈቃዱ ልመለስ። የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሻን ይባላል። ጥያቄዎቹ 35 ሲሆኑ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። የጥያቄዎቹ ስብስብ ከነመልሱ አስቀድሞ ለሕዝብ የወጣ ስለሆነ፣ ላጠና ለሚል ሰው የሚያስፈራ አይደለም። የሞርስ ኮድ ፈተናም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቀርቷል። ለፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን የሚከፈለው የማመልከቻ ክፍያ 35 ዶላር ነው፤ ፈቃዱ ለ10 ዓመት ያገለግላል። ዜግነት አይጠየቅም፤ ሕጉ የሚከለክለው የውጭ መንግሥት ተወካዮችን ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የባለፈቃዱ ስምና የፖስታ አድራሻ ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ይወጣል። የቤቱን አድራሻ መስጠት የማይፈልግ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ቢሰጥ ይበጀዋል።

ዋናው ጥያቄ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ብዙ ሰው ፈተናውን ያልፍና አንድ ቃል ሳይናገር መሣሪያውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ማይክሮፎን ፈረንጆቹንም ያስፈራቸዋል። በኛ ላይ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ነው። አንደኛው የእንግሊዝኛ አነጋገራችን ነው። ሁለተኛው አስተዳደጋችን ነው። እኛ ባደግንበት ቤት ሬዲዮ የሚሰማ እንጂ የሚናገሩበት ዕቃ አልነበረም። አባቴ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ሲከፍት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ለጥፎ ነበር የሚያዳምጠው። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ሰው ማንነቱን እየጠራ ለማያውቀው ሕዝብ መናገር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እኔ ሁለት ወር ያህል አዳመጥኩ። ከ50 ዶላር በታች በገዛኋት የእጅ ሬዲዮ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ስጠብቅ፣ በአካባቢው ሪፒተር የሚያልፈውን ሁሉ ሰማሁ። ሪፒተር ማለት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተተክሎ ደካማውን ድምፅ ተቀብሎ አጠንክሮ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ነው። ማዳመጥ የዚህ ነገር ግማሹ ነው፤ ማን መቼ እንደሚናገር፣ ሰው እንዴት እንደሚጠራ የሚታወቀው በዚያ ነው።

አንድ ማታ የጥሪ ምልክቴን ፊደል በፊደል ጠርቼ «እያዳመጥኩ ነው» አልኩ። አንድ ሽማግሌ መለሱልኝ። መንገደኛ ታክሲ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ከየት ነህ?» ብሎ ነው። እሳቸው ግን መጀመሪያ የነገሩኝ ድምፄ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ነው። ቀጥለው ምን ዓይነት አንቴና እንደያዝኩ ጠየቁኝ። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ጥርት ብለህ ትሰማለህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀና። ክለቡ በሳምንት አንድ ቀን ስም እየጠራ ሰዎችን በየተራ ያናግራል፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ቦታ የለም። አዲስ ሰው የሚያሠለጥን ነባር አባልም አለ፤ «ኤልመር» ይሉታል። ለዕውቀቱ ሳንቲም አያስከፍልም።

ኋላ ጄኔራል የተባለውን ሁለተኛ ደረጃ አለፍኩ። ያኔ ነው የተማሪዬ ጥያቄ መልስ ያገኘው። 300ን ለ14.2 ሜጋኸርዝ ስታካፍሉ የሞገዱ ርዝመት 21 ሜትር ግድም ይመጣል። ግማሹ 10 ሜትር ከምናምን ነው። አምስት አምስት ሜትር የሆኑ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ከዛፉ እስከ ጣሪያው ዘረጋሁ። ሽቦው ሲረዝም ወይም ሲያጥር መለኪያው ወዲያው ይናገራል። ሞገዱ ይኸውና፣ በሜትር የሚለካ! ከዚያ ሽቦ የወጣው ድምፅ ከላይኛው አየር ነጥሮ ውቅያኖስ ይሻገራል። አዲስ አበባ አምስት ኪሎም «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል ምልክት የሚታወቅ የማኅበር ጣቢያ አለ፤ ተማሪዎች ከዚያ ሆነው ከዓለም ጋር ሲነጋገሩበት ቆይተዋል። እስካሁን አላገኘኋቸውም፤ ግን እጠራለሁ።

ሕጉን ማወቅ ግዴታ ነው። በዚህ ሬዲዮ መነገድ አይቻልም፤ መንገደኛ ልፈልግበት ብል ጥፋት ነው። ሙዚቃ ማሰማትም፣ ትርጉሙን በሚደብቅ ምሥጢራዊ ኮድ መነጋገርም ክልክል ነው። በአማርኛ መነጋገር ግን ይፈቀዳል፤ የጥሪ ምልክቱ ብቻ በየ10 ደቂቃውና በመጨረሻው በእንግሊዝኛ ይነገራል።

አሁን ወደ «ምናችን ነው» ልምጣ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ የምዕራብ ኖርዝ ካሮላይናን ስልክና መብራት ሲያጠፋ፣ ሚቸል ተራራ ላይ ያለው ሪፒተር ሥራውን አላቋረጠም። «እናቴ በሕይወት አለች ወይ?» «መድኃኒት ያለቀበት ሰው አለ» የሚሉ መልእክቶች በአማተሮች በኩል አለፉ። እስቲ አስቡት፤ እንዲህ ያለው ነገር እኛ በምንኖርበት ከተማ ቢደርስ፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙት እናቶቻችን ጉዳያቸውን ለማን ይነግራሉ? በየከተማው አማርኛ የሚናገር አንድ ሁለት ባለፈቃድ ቢኖር የሚሰማቸው ያገኛሉ። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አልነዳም። ለፈተናው ማጥናት የሚፈልግ፣ ወይም ፈቃድ ኖሮት መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ የተኛበት ሰው ቢኖር፣ ያለ ክፍያ አብሬው እቀመጣለሁ። ማስተማሩን አልረሳሁትም።

ሰላም ሁኑልኝ። በባለሬዲዮዎቹ ቋንቋ ደግሞ 73፤ መልካም ምኞቴ ይድረሳችሁ ማለት ነው።