ሰባት ደብተር

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መርካቶ ሌላ መርካቶ ይሆናል። ዶፉ ከላይ፣ ጭቃው ከታች፣ ደብተር በደርዘን የሚጠሩ ጎረምሶች ከግራ ከቀኝ፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ከኋላ። በዚህ መሀል የስምንት ዓመት ልጄን እጁን ጨብጬ እሄዳለሁ። መጨበጤ ያለ ምክንያት አይደለም። አምና በዚሁ ሰሞን ምናለሽ ተራ ላይ ከእጄ አምልጦ አርባ ደቂቃ ፈልጌዋለሁ። ያገኘሁት አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ደጃፍ ላይ ባልዲ በመጠን በመጠኑ ሲደረድር ነው። «የኔ እህት፣ ይሄማ ነጋዴ ይወጣዋል፤ ለኔ ተይልኝ» አሉኝ ሰውዬው እየሳቁ። እኔ ግን እዚያው ሰው ፊት በጥፊ መታሁት። አላለቀሰም። «እማዬ፣ ትልቁ ባልዲ እኮ አንድ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ።

ያቺ ጥፊ ዛሬም እጄ ላይ ናት።

ሰፈር ውስጥ «ሞተሩ» ነው የሚሉት። ሰኔ ላይ ይማርበት የነበረው ትምህርት ቤት «ለሚመጣው ዓመት ሌላ ቦታ ፈልጉለት» ብሎ ሰርተፊኬቱን በእጄ ሰጠኝ። መካሪ አልጠፋም፤ ግማሹ ጠበል፣ ግማሹ ቀበቶ። «አማኑኤል ውሰጂው» ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሰባተኛ ለምንኖር ሰዎች አማኑኤል ሆስፒታል በእግር የሚደረስ ነው። ሆኖም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የዚህ ሆስፒታል ስም በከተማችን አፍ ስድብ ሆኖ ኖሯል። እናቴ ስትሰማ «የልጅ ልጄን እብድ ልታሰኚው ነው?» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

ወሰድኩት። ሐኪሙ ደጋግሞ ካየው፣ የአስተማሪውንም ቃል ካስመጣኝ በኋላ «ባለጌ አይደለም፣ ሰነፍም አይደለም» አለኝ። ኤዲኤችዲ ይሉታል። ቀልብን መሰብሰብና ራስን መግታት ከእኩዮች ይልቅ የሚከብድበት፣ ብዙውን ጊዜም በዘር የሚወረስ ችግር ነው።

ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ ስማር ከሁሉ የቀረልኝ መቆፈር ነውና ቤቴ ገብቼ ማንበብ ያዝኩ። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ለንደን ላይ ንግግር አድርጎ ነበር። አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ ራሳቸውን መግታት እንደሚያቅታቸው ካስረዳ በኋላ ጉድለቱን «የግብረ ገብ» አለው። ዛሬ ሐኪሞች ያንን ስያሜ ትተውታል። የእኛ ሰፈር ግን እዚያው 1902 ላይ ነው። ጥናቶች እንደሚገምቱት ከመቶ ሕፃናት አምስት ያህሉ ይህ ችግር አለባቸው። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሦስት ማለት ነው። አንዱ የእኔ ነው እንበል። ሌሎቹ ሁለቱስ? ምናልባት አንዷ ሴት ልጅ ናት፤ አትሮጥም፣ አትጮህም፣ በመስኮት ታያለች። ስለማትረብሽ ማንም ልብ አይላትም። ይህችን ልጅ በደንብ አውቃታለሁ።

ዝግጅቱን የጀመርነው ከነሐሴ አጋማሽ ነው። የመኝታ ሰዓቱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልን ወደ ምሽቱ ሁለት ሰዓት መለስነው። «ልበስ፣ ብላ፣ ቦርሳህን ያዝ» ብሎ ማዥጎድጎድ ቀረ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ። ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት የሚወስደውን መንገድ ሦስት ጊዜ በእግራችን ሄድንበት። ደብተሮቹን በየቀለማቸው ልንለብጥ ተስማማን፤ ሒሳብ ቀይ፣ አማርኛ አረንጓዴ። (አምና የለበጥኩለት የእኔ ጽሑፍ በወጣባቸው አሮጌ መጽሔቶች ነበር። ሁሉም አንድ ስለሚመስል እንግሊዝኛውን ይዞ ለሒሳብ ይቀርባል።)

የከበደኝ ለአዲሷ መምህርት መንገሩ ነው። ብናገር ገና ሳታየው ስም ታወጣለታለች፤ ብደብቅ በጥቅምት ራሱ ይናገራል፣ በእግሩም በእጁም። ሁለት ቀን ደጃፉ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ጠመኔና ዳስተር የሚያመላልሰው እሱ ይሁን» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ዘንድሮ መርካቶ የወረድነው ማለዳ፣ ግፊያው ሳይበረታ ነው። ሰባቱን ደብተር ራሱ ቆጥሮ አነሳ፤ ከባለሱቁ ጋር ተከራክሮም ዋጋ አስቀነሰ። መንገድ ላይ ስለዚያ ጥፊ ይቅርታ ጠየቅኩት።

«የቱ ጥፊ?» አለኝ፤ ዓይኑ ጋሪ ላይ ነው።

ራጉኤል ደጃፍ ስንደርስ እጁን አየሁት። ባዶ ነው። የእኔም ሌላው እጅ ባዶ ነው። እኔ ፌስታሉን እሱ የያዘው መስሎኝ፣ እሱም እኔ የያዝኩት መስሎት፣ ሰባቱም ደብተር የባለሱቁ ባንኮኒ ላይ ቀርቷል።